የሐኪም መምህር ማዕረግ በምን ይለካ?



ይህን አስተያየት የምናቀርበው ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ መጥተን ሕክምና የምንማር ጥቂት ተማሪዎች ነን። የምንጽፍበት ነገር በመጀመሪያ ሲታይ የተማሪ ጉዳይ አይመስልም። አንድ የሕክምና መምህር ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ፕሮፌሰርነት የሚያድገው በምን ሥራ ነው? በወንበሩ ላይ ተማምኖ የሚቀመጠውስ መቼ ነው? ይህ የሴኔትና የዲን ቢሮ ጉዳይ ነው፤ ተማሪ ምን አገባው ይባላል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። መምህሩ የሚያድግበት መለኪያ እኛ የምንማረውን ትምህርት ይወስናል፤ እኛ የምንማረው ትምህርት ደግሞ ነገ በቢቸናና በሞጣ የሚታከመውን ሰው ዕድል ይወስናል። እንግዲህ ነገሩ የእናቶቻችንና የወንድሞቻችን ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ካየነው እንጀምር። በአንድ የመስክ ትምህርት ጊዜ ከማኅፀንና ጽንስ መምህራችን ጋር ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ነበርን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንዲት ወላድ በቃሬዛ ደረሰች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። መምህራችን ሕፃኑን በቫኪዩም ስበው በሕይወት አወጡት፤ ነገር ግን ማኅፀኗ አልኮማተር ብሎ ደም ይፈስሳት ጀመር። ጤና ጣቢያ እንደሚታወቀው ደም አያስቀምጥም። መድኃኒቱ ተሰጣት፤ ማኅፀኗ ታሸ፤ ደሙ ግን አልቆመም። በዚህ ጊዜ መምህራችን አንድ የሽንት ቱቦና አንድ ኮንዶም አስመጡ። ኮንዶሙን በቱቦው ጫፍ ላይ አሰሩት፤ ወደ ማኅፀን አስገብተውም በጉሉኮስ መስጫ በኩል በንጹሕ የጨው ውሃ ሞሉት። የተነፋው ኮንዶም የሚደማውን ግድግዳ ከውስጥ ተጭኖ ያዘው፤ ደሙም ቆመ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እጃቸው ከሥራ፣ አፋቸው ከማስተማር አላረፈም። «ቋጠሮውን እዩ፤ ከላላ ውሃው ያመልጣል፤ ስንት ጨርቅ እንደራሰ ቁጠሩ» ይሉን ነበር።

በነጋታው የጤና ጣቢያውን አዋላጆች ሰብስበው ያንኑ ደግመው አሳዩ፤ እያንዳንዳቸውንም በተራ አሠሯቸው። ከወራት በኋላ ከአዋላጆቹ አንዷ ስልክ ደውላ «ዶክተር ያሳዩንን ሠራነው፤ እናቲቱ ተርፋለች በሉልኝ» አለችን። እኛ በዚያን ዕለት የተሰማንን ደስታ በፈተና ውጤት አግኝተነው አናውቅም።

እኚሁ መምህር በዓመቱ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመለከቱ። የተቋሙን ስም አንጠራም፤ ነገሩ የአንድ ተቋም ብቻ ስላልሆነ መጥራቱም አይጠቅምም። ፋይሉን የመረመረው ኮሚቴ የታተሙትን ጽሑፎች ቆጠረ፤ ጎደሉ። ያ ሌሊት፣ በነጋታው የተሰጠው ትምህርትና ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙ ሌሊቶች «የማኅበረሰብ አገልግሎት» በሚለው ርዕስ ሥር አንዲት መስመር ሆነው ተመዘገቡ። መምህራችን ፋይላቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ጥቂት ቆይተውም ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ሄዱ። ኮሚቴው ደንብ አልጣሰም፤ አድልዎም አልፈጸመም። እኛን ያሳሰበንም ይኸው ነው። ደንቡ ተጠብቆ፣ ማንም ሳይበደል የተሠራ ሥራ ተማሪዎችን ያለ መምህር አስቀረ።

ሕጉን ብንመለከት ነገሩ እንዲህ አልነበረም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የዩኒቨርሲቲን ተግባር በሦስት እግር ያቆመዋል፤ እነዚህም ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ናቸው። የማዕረግ ዕድገት ደንቦችም እነዚህን ይጠቅሳሉ። በወረቀት ላይ እንከን የለም። በተግባር ግን ከሦስቱ ለመቁጠር የሚቀለው አንዱ ብቻ ነው፤ የታተመ ጽሑፍ። የማስተማር ችሎታ ተማሪና ባልደረባ በሚሞሉት ቅጽ ይታለፋል፤ በቅጹም ሁሉም ሰው ደኅና ነጥብ ያገኛል። የማኅበረሰብ አገልግሎት በአንድ የምስክር ደብዳቤ ይታለፋል። ሁሉም የሚያልፍበት በር ደግሞ ሰውን ከሰው አይለይም። ስለዚህ የሚለየው የጽሑፉ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል። አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚሉት እዚህ ላይ እውነት ሆኖ አገኘነው።

የሕክምና መምህር ደግሞ ከሌላው መምህር የሚለይበት ነገር አለ። ስፔሻሊስት ሆኖ የወጣ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በረዳት ፕሮፌሰርነት ይጀምራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ከዚያ በላይ ያለው ነው። ጧት በሽተኛ ይዞራል፤ ረፋድ ላይ ተመላላሽ ያያል ወይም ቀዶ ሕክምና ይገባል፤ ከሰዓት ያስተምራል፤ ሌሊት ተረኛ ነው። የተረኝነት ሌሊት በማዕረግ ቅጽ ላይ ዓምድ የለውም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ከሥራቸው ሳይነቃነቁ የቆዩ ሐኪሞች አሉ፤ ለዚህም ዓምድ የለውም። እንግዲህ ሦስት መንገድ ይቀራል። አንደኛው ሥራውን ትቶ መሄድ ነው። ሁለተኛው በገንዘብ ማንኛውንም ነገር ለሚያትሙ መጽሔቶች ከፍሎ ቁጥሩን መሙላት ነው። ሦስተኛው ከበሽተኛውና ከተማሪው ሰዓት ሰርቆ መጻፍ ነው። ከሦስቱ አንዱም ለእኛ አይበጀንም።

ሆኖም ግን ጽሑፍን የምንንቅ አይምሰላችሁ። የዲማን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ጽሑፍን አይንቅም። ቢቸና አጠገብ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ የታወቀ የቅኔ ጉባኤ ቤት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ እየቆጠረ ይወጣል፤ ሲበረታ መምህሩን ይረዳል፤ በመጨረሻም ያስመሰክራል፤ ከዚያ ሄዶ የራሱን ወንበር ይዘረጋል። መምህሩ በምን ይታወቃል ብትሉ፣ ባስመሰከራቸው ተማሪዎች ነው። ስሙን ሰምቶ ቁራሽ እየለመነ ከሩቅ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ የመምህሩ ማዕረግ ምስክር ነው። ይህ መልካም መለኪያ ነበር። ግን ጉድለትም ነበረበት። ያልተጻፈው ቅኔ ብዙው ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል። በሕክምናም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሐኪም በአልጋ ዳር ያገኘው ዘዴ ካልተጻፈ ከእርሱ ጋር ይቀራል። የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ የምንለው መጻፍ ይቅር አይደለም። የምንለው የሚጻፈው ነገር ከአልጋው ዳር ይነሣ፣ ያልተጻፈውም የማስተማር ሥራ ምስክር ይኑረው ነው።

ከአልጋ ዳርና ከመስክ የተነሣ ሥራ ለዓለም እንደሚበቃ ሩቅ ሳንሄድ ማሳየት እንችላለን። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ላይ ግንደ ወይን የምትባል ከተማ አለች፤ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ ወረዳ በፈረንጆች 2006 በ72 መንደሮች የትራኮማ ጥናት ተጀመረ። ጥናቱን ያካሄዱት በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የካርተር ማዕከል ባለሙያዎች ነበሩ። አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት ለመንደሩ ሰው በሙሉ ቢሰጥ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ቢሰጥ በሽታው ይጠፋል የሚለውን ለመመርመር ነበር። ትራኮማው ቀነሰ። ከዚያም በላይ ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ መድኃኒቱን ባገኙት መንደሮች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ሞት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ አንሶ ተገኘ። ይህ በ2009 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ። ነገሩን ለማረጋገጥ በኒጀር፣ በታንዛንያና በማላዊ ከዚያ የሚበልጥ ጥናት ተደረገ፤ በ2018 የወጣው ውጤትም የሕፃናት ሞት መቀነሱን፣ ይልቁንም በኒጀር፣ አሳየ።

ይህን ስናነብ ኮራን። እነዚያ ሕፃናት የእኛ ታናናሾች ናቸው። ከጥናቱ ጽሑፎች አንዱ በ2012 በላንሴት መጽሔት ሲወጣ የመጀመሪያው ጸሐፊ ኢትዮጵያዊው ተሾመ ገብሬ መሆናቸውም አኮራን። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ ማለፍ አልቻልንም። የጎንቻ መንደር ለዓለም ይህን ያህል ካስተማረ፣ ቀጣዩን ጥያቄ የሚጠይቀው በአቅራቢያው የሚያስተምር የእኛ መምህር ለምን አይሆንም? የጎጃም ቀይ አፈር በባዶ እግር በሚሄደው ገበሬ ላይ የሚያመጣው የእግር እብጠት አሁንም በየገበያው ይታያል። የወላዶች መዘግየት አለ፤ የገደሉና የወንዙ ጉዳይ አለ። መምህሩ መልሱን አያውቅም አንልም። ጊዜም፣ የሚቆጠርለት ቦታም አላገኘም እንላለን። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው።

ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ። በፈረንጆች 1964 አክሊሉ ለማ አድዋ አጠገብ ወንዝ ዳር ሆነው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፤ ከማጠቢያው በታችም ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ከዚህ አንድ ትዝብት ተነሥቶ የብዙ ዓመት ምርምር ተሠራ፤ በ1989 እርሳቸውና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚሁ ሥራ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አገኙ። ቀደም ብለን የነገርናችሁ የኮንዶሙ ዘዴም እንዲሁ የተገኘ ነው። በባንግላዴሽ ዳካ የሚያስተምሩት ሐኪም ሳየባ አክተር ውድ የሆነውን የፈረንጅ መሣሪያ መግዛት ለማይችል ሆስፒታል ብለው ያዘጋጁት ሲሆን በ2003 ጽፈው አሳወቁት። ዛሬ በብዙ ድሀ አገሮች እናቶች ይድኑበታል። የእኛም መምህር በዚያ ሌሊት ያደረጉት ይህንኑ ለአካባቢው አዋላጅ ማድረስ ነበር። አንዱ ማግኘት ነው፤ ሌላው ማድረስ ነው። ሁለቱም የምሁር ሥራ ናቸው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ኧርነስት ቦየር በ1990 ባወጡት መጽሐፍ የምሁርነት ሥራ አዲስ ነገር ማግኘት ብቻ ሳይሆን ማዋሐድ፣ በሥራ ላይ ማዋልና ማስተማርም ነው ብለው ተከራክረዋል። በዚያው በአሜሪካ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአልጋ ዳር ለሚያስተምሩ ሐኪሞች የተለየ የዕድገት መንገድ ከፍተዋል።

አሁን ወደ ወንበሩ ዋስትና እንለፍ። ፈረንጆች ቴንዩር ይሉታል። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ከኮሌጆች ማኅበር ጋር በ1940 ባወጣው መግለጫ መሠረት መምህሩ ከ7 ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ይፈተናል፤ ካለፈ በኋላ ግን ያለ በቂ ምክንያት፣ ቃሉም ሳይሰማ አይሰናበትም። ዓላማው ሰነፍን ለመጠበቅ አይደለም፤ እውነትን የሚናገረውን ለመጠበቅ ነው። በእኛ አገር ይህ ምን ያህል እንደጎደለ በ1985 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። ከእነርሱ አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ በኤዲንብራ ቀዶ ሕክምና ተምረው አገራቸውን ለማገልገል የተመለሱ፣ የሕክምና ፋኩልቲውንም በዲንነት የመሩ ሰው ነበሩ። በኋላም ታሰሩ፤ በግንቦት 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር አረፉ። በፖለቲካቸው የሚስማማ አለ፤ የማይስማማ አለ። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም መስማማት አለብን፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ እንኳ ወንበሩን ሊያጸናላቸው አልቻለም። ላይኛው ደረጃ ላይ ያለው እንዲህ ከሆነ፣ በገጠር ስንት እናት ለምን እንደሞተች በሪፖርቱ በግልጽ መጻፍ የሚገባው ረዳት ፕሮፌሰር ምን ተማምኖ ይጻፍ?

በዚህ አስተያየታችን ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው «የአልጋ ዳር ትምህርት ስለማይለካ ለወዳጅነትና ለዘመድ በር ይከፍታል» የሚል ነው። እውነተኛ ሥጋት ነው። ነገር ግን የጽሑፍ ቁጥርም በር ከፍቷል፤ በገንዘብ የሚታተመው ሁሉ ምስክር ነው። መድኃኒቱ የሚለካውን ማስፋት፣ የሚመዝነውንም ሰው ከውጭ ማምጣት ነው። ሁለተኛው «ዩኒቨርሲቲ ጤና ጣቢያ አይደለም» የሚል ነው። የአገራችን ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በፈረንጆች 1954 ሲቋቋም ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያስተምር ነበር። ጅማም በ1983 ሲጀምር ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ላይ መሠረተ። ለተማሪው ትምህርት የሆነው መስክ ለመምህሩ ማዕረግ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ግን ራሳችንን መውቀስ ይገባናል። በየመንፈቁ መጨረሻ መምህሮቻችንን የምንገመግምበት ቅጽ ይሰጠናል። እንዴት እንደምንሞላው እናውቃለን። በነጥብ ያልጨከነብንን ከላይ እስከ ታች አምስት እንሰጠዋለን፤ በሌሊት ቀስቅሶ በሽተኛ አጠገብ ያቆመንን «አስጨናቂ» ብለን እንቀንስበታለን። አንዳንዶቻችን ሳናነብ አንዱን ዓምድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሰምራለን። ቅጹ ሰውን ከሰው የማይለየው እኛ ዋጋ ስላሳጣነው ጭምር ነው። የማስተማር ሥራ ይመዘን ብለን የምንጮኽ ከሆነ ሚዛኑ በእጃችን ሲገባ ልናጭበረብር አይገባንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአልጋ ዳር ትምህርት ራሱን የቻለ መዝገብ ይኑረው፤ ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሁለት መምህራን ተገኝተው አይተው ይጻፉ፤ ተመርቀው በየወረዳው የሚሠሩት የቀድሞ ተማሪዎችም ይጠየቁ። በቢቸና ተረኛ ሆኖ ያደረ ወጣት ሐኪም ማን እንዳስተማረው ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ሁለተኛ፣ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ሥራ ላይ የዋለ የሕክምና መመሪያ ወይም ማሠልጠኛ በውጭ ሰዎች ተመርምሮ ከበቃ እንደ አንድ የታተመ ጽሑፍ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ወደ ወረዳ ወርዶ የሚያስተምር መምህር የሚጽፍበት ጊዜ ይሰጠው፤ በአካባቢው በሚደረግ ጥናትም የሠሩት የአካባቢው መምህራንና ባለሙያዎች ስማቸው ከጸሐፊዎቹ ጋር ይግባ። አራተኛ፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሆነ መምህር በባልደረቦቹ ፊት ቃሉን ሳይሰጥና ምክንያቱ በጽሑፍ ሳይነገረው አይሰናበት፤ በአንጻሩም በየአምስት ዓመቱ ሥራው ይመርመር። ዋስትናው ለሰነፍ መጠለያ እንዳይሆን የምንፈልገው እኛ ነን፤ ከሰነፍ መምህር የሚጎዳ ተማሪ ነውና።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት መምህራኖቻችን በሴኔት ሲቀመጡ ነገሩን እንዲያነሡት፣ እኛም ቅጹን በሚቀጥለው መንፈቅ በእውነት እንድንሞላው ነው። ያቺ አዋላጅ «ተርፋለች በሉልኝ» ስትል አደራ ሰጥታን ነበር። መልእክቱን ለመምህራችን አድርሰናል፤ ደስ አላቸው። ግን እርሳቸው አሁን ተማሪ የላቸውም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መንገድ የሚወርዱት ታናናሾቻችን ያንን ቋጠሮ ማን እንደሚያሳያቸው አናውቅም። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የማዕረግ ኮሚቴው ነው፤ እኛም መልሱን እየጠበቅን ነው።